የጥላቻ ንግግርን ክፍል ውስጥ በምን ምሳሌ ላስተምር?

የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን የኢንተርኔት ሥነ ምግባር አስተምራለሁ። 54 ናቸው፤ ከየክልሉ የመጡ፣ አብዛኞቹም ዶርም የሚጋሩ። የጨነቀኝ የጥላቻ ንግግር የሚለው ምዕራፍ ነው።

የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል በወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጀመርኩ። ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳተኝነትን መሠረት አድርጎ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግር የሚለውን ትርጓሜ ሁሉም ደብተሩ ላይ ገለበጠ፤ የተከራከረ የለም። ቀጥዬ አንድ የፌስቡክ ጽሑፍ፣ የብሔሩን ስም በ«እገሌ» ተክቼ፣ በፕሮጀክተር አሳየሁ። ደቂቃ አልሞላም፤ ከኋላ ወንበር አንዱ «ይሄማ እኛን ነው» አለ፣ በመስኮቱ በኩል ሳቅ ተሰማ። የሳቀውን ልጅ ማስወጣቴ ደግሞ ነገሩን አባባሰው፤ ወገን የያዝኩ መሰለ።

በሳምንቱ ራቅ ብዬ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. ሩዋንዳ ውስጥ ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ሲቀሰቅስ የነበረውን የአርቲኤልኤም ሬዲዮ አነሳሁ። በጸጥታ አዳመጡ፤ የሰው አገር ሐዘን ሆኖ አለፈ። ስም ሳይጽፉ ሐሳባቸውን በቁራጭ ወረቀት ስሰበስብም አንዱ ወረቀት ራሱ ስድብ ነበር። ግማሹን ጮክ ብዬ ካነበብኩ በኋላ ነው የነቃሁት!

ሐሙስ እንደገና እገባለሁ። ርዕሱን መዝለል አልፈልግም፤ ማታ ማታ ቴሌግራም ላይ የሚያነቡት ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ያስተማራችሁ፣ ለተማሪዎቹ ቅርብ የሆነ ግን ማንንም ነጥሎ የማያሳቅቅ ምሳሌ ከየት አገኛችሁ?