ያገለገለ የጭነት ባጃጅ ለሽንኩርት ልግዛ? ያላችሁ ሰዎች እስኪ ንገሩኝ

የሮቢት ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ወንድሜ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ቲማቲም እናመርታለን። ከማሳችን እስከ አስፋልቱ 4 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ግማሹ ድንጋይ፣ ግማሹ አሸዋ፣ መሐል ላይ ደግሞ ክረምት የሚሞላ ወንዝ አለ። እስካሁን በጋሪ ነበር የምናወጣው። አሁን አንድ ያገለገለ ባለ ሦስት እግር አገኘን፣ 200 ሲሲ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ። ሻጩ «ሞተሩ አልተነካም» ይላል። ያልተነካ ነው የማይል ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም እንጂ። አንዱ «ዓመት አይሞላም» ይለኛል፣ ሌላው «ከአይሱዙ ይሻላል» ይለኛል። ይበረክታል ወይስ ጋራዥ ስቀልብ ልኖር ነው?

ባለ ካሶኒ፦
የኔ አራት ዓመት ሆነው፣ ዛሬም ጭኖ ነው የዋለው። ሞተሩን ብዙ አትፍራው ወንድሜ። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የቀየርኩት አንዴ ነው፣ እሱም ዘይት ሳላይ ስለነዳሁ በራሴ ጥፋት። አንተን የሚያስለቅስህ ከሞተሩ ኋላ ያለው ነው፦ ክሮቼራ (የኃይል ማስተላለፊያ ዘንጉ መገጣጠሚያ)፣ የኋላ ጎማ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ሞላ)። ለምን? ወረቀቱ 5 ኩንታል ይላል፣ እኛ 10 እንጭናለን። አልዋሽህም፣ እኔም ጭኛለሁ። አንድ ቀን 12 ኬሻ ሽንኩርት ከኋላ ከምሬ ትንሽ ዳገት ስጀምር መሪው እጄ ላይ ቅልል አለኝ። ወደታች ሳይ የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቷል፣ አየር ላይ ነው! ረዳቴ ዘሎ ፊት ላይ ተቀመጠልኝና እንደዛው ወጣን። የዛን ቀን ሳቅን፣ በሳምንቱ ባሌስትራው ተሰበረ። አሁን ከ7 ኩንታል በላይ አልጭንም፤ ሁለቴ ብመላለስ ቤንዚኑ ከመለዋወጫው ይረክሳል።

ጋራዥ ነኝ፦
ባለ ካሶኒ ያለው ልክ ነው። ስለ ሞተሩ ትንሽ ልጨምር። ብዙዎቹ ባለ 200 ሲሲዎች ሆንዳ በፈረንጆቹ 1976 ካወጣው ሲጂ 125 ሞተርሳይክል የተቀዱ ናቸው። ያ ሞተር ሲሠራ የታሰበው ዘይት መቀየር ለሚረሳ ሰው ነው፣ ማለትም ለእኛ። ላይ የሚጮህ ሰንሰለት የለውም፣ ቫልቮቹን ከታች በዘንግ ነው የሚገፋቸው። ለዛ ነው የማይሞተው። ግን ዘይቱ አንድ ሊትር አካባቢ ብቻ ናት፣ እሷም በሮቢት ሙቀት ቶሎ ታልቃለች። በየጠዋቱ እያት።

ልትገዛ ስትሄድ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ድረስበት። ሻጩ «ላሙቅልህ ብዬ ነው» ካለህ ነገ እመለሳለሁ በለው። የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፣ ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል። ካንዴላውን (እሳት የሚረጨውን) አስፈታና ቀለሙን እይ፣ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥላሸት ከለበሰ ግን ቶሎ አትደንግጥ፣ ከየት እንደመጣ ጠይቅ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ እዛ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበታልና ካንዴላው ይጠቁራል። ሮቢት ሲወርድ ይስተካከላል። ከምንም በላይ ግን ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) ሥር ተኛና ሻንሲውን (ሁሉን የሚሸከመውን የብረት አጽም) እይ። ከጋቢናው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ብየዳ ካለ በዋጋ ተከራከር፣ ሁለት ቦታ ካለ ተወው።

የተቃጠለ፦
እኔ አልመክርህም። አዲስ ነው የገዛሁት፣ የምርቱን ስም አልጠራም። በስድስተኛው ወር ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) ጥርሱን በላ። ሻጮቹ ጋ ብሄድ «ዕቃው በመንገድ ነው»። ሁለት ወር በመንገድ! መኪናዬ ቆማ ዕዳዬ ግን አልቆመም። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ መለዋወጫው ዋጋው ሌላ ሆኗል። ስለ ሞተሩ አትጠይቅ፣ ዕቃው ሮቢት ሱቅ ላይ ተሰቅሎ አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። ከሌለ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እያስላክህ ልትኖር ነው።

ባለ ካሶኒ፦
@የተቃጠለ እሱስ እውነትህን ነው። እኔ ክሮቼራና ኩሽኔታ አንድ አንድ ገዝቼ ቤት አስቀምጫለሁ።

ሶኬት፦
ኤሌክትሪኩንስ ለምን አታየውም? የቤንዚን ሰልፍ የለበትም።

ጋራዥ ነኝ፦
ከተማ ውስጥ ደህና ነው። ማሳው ጋ መብራት ከሌለና ወንዝ ውስጥ የምትገባ ከሆነ ግን ለጊዜው ተወው።

የሮቢት ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሄጄ አየሁት። በቀዝቃዛው በሁለተኛው ምት ተነሳ። ውሃው ንጹህ ነው። ሥሩ ገብቼ ሳይ አንድ ቦታ ብየዳ አለ፣ ቀለሙ ገና ይሸታል፣ እሱን አንስቼ ትንሽ አስቀንሻለሁ። መለዋወጫ ሱቁም ጋ ጠየቅኩ፣ ከዲፈረንሻሉ በቀር ሁሉም አለ።

የተቃጠለ፦
ሊብሬው በሻጩ በራሱ ስም ነው?

የሮቢት ልጅ፦
በታላቅ ወንድሙ ስም ነው አለኝ። ወንድሙ አረብ አገር ነው።

የተቃጠለ፦
ውክልና አሳይቶሃል?

የሮቢት ልጅ፦
«ይልክልኛል» አለ።

ጋራዥ ነኝ፦
እስኪልክለት ቀብድ እንዳትሰጥ።