እናቷ ደብተሩን ካላየሁ አልሄድም ብለዋል፣ ቶሎ መላ በሉኝ

ጠያቂዋ፦ ሰላም። አራት ኪሎ አካባቢ የትምህርት ቤት አማካሪ ነኝ። የአንዷ ተማሪ እናት አሁን ቢሮዬ ደጃፍ ቆመዋል። ልጃቸው የነገረችኝን የጻፍኩበትን ደብተር ካላየሁ አልሄድም አሉ። ዳይሬክተሩ «አሳዪያቸውና ይሂዱ» ይላል። ልጅቷ ደግሞ ለእማዬ እንዳትነግሪ ብላ አስምላኛለች። እባካችሁ ቶሎ!

ሚሚ ፒያሳ፦ እንዳትሰጪ። ዛሬ ከሰጠሽ ነገ ማንም ተማሪ ደጃፍሽን አይረግጥም።

አባ ሳሚ፦ እኔ አልስማማም። የልጆች አባት ነኝ። ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው በሕግም ኃላፊው ወላጅ ነው። ሌሊት ሲያመው አቅፋ የምትሮጥ እናት ናት፣ ምስጢሩ ግን ለባዳ? እንዴት ነው ነገሩ?

የሕግ ተማሪ፦ አባ ሳሚ፣ ኃላፊነቱ እውነት ነው። ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ለማንኛውም ሰው ነው የሰጠው፣ ዕድሜ አልለየም። አንቀጽ 36 ደግሞ ልጅን በሚመለከት ነገር የልጁ ደኅንነት ይቅደም ይላል። አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ወላጅ ልጁን የመምራት መብት እንዳለው ያምናል፣ ከልጁ ብስለት ጋር እየተመዘነ።

ትዕግስት፦ ደብተሩን እንዳትሰጪ!!

ሲስተር ካዛንቺስ፦ ዋናውን ማንም አልጠየቀም። ስንት ዓመቷ ነው? ራሴን አጠፋለሁ ብላለች? የሚደበድባት ወይ የሚነካት ሰው አለ? ካለ ምስጢር የሚባል ነገር የለም፣ ዛሬውኑ ይነገራል። ሰውየው ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ለማን እንደምትነግሪ ቀድመሽ አስቢ።

ጠያቂዋ፦ 15። እንደዚያ ያለ ነገር የለም። የነገረችኝን ግን እዚህ አልጽፍም።

ሲስተር ካዛንቺስ፦ ጎበዝ። በይ እናትየውን አስገቢያቸው፣ ሻይ አስመጪላቸው፤ ደጅ የቆመ ሰው ይብስበታል። «ልጅዎ አደጋ ላይ አይደለችም፣ ብትሆን ኖሮ ራሴ እደውልልዎ ነበር» በያቸው። ከዚያ ልጅቷን ለብቻዋ ጥሪና የቱን እኔ ልንገር፣ የቱን አንቺ ትነግሪያለሽ ብለሽ ጠይቂያት። አጠገቧ ከተቀመጥሽ ራሷ ልትናገር ትችላለች። ለወደፊቱ ገና ከመጀመሪያው ቀን፣ ወላጅም ልጅም ባሉበት፣ ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገር በጽሑፍ ተስማሙ።

አባ ሳሚ፦ ይሄ ይሻላል። እናትየውም የፈለጉት ደብተሩን አይመስለኝም፣ ልጄ ምን ሆነች ነው ጭንቀታቸው።

ሚሚ ፒያሳ፦ ደብተሩን ቆልፊበት፣ ጠረጴዛ ላይ አትተዪው። ዳይሬክተሩስ ምን አለ? ጠያቂዋ፣ አለሽ?