ለሦስት ፓምፕ ሦስት ማኑዋል፦ አንዱ ሲታረም ሌላው ይቀራል

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ማርቆስ
ሰላም ወገኖች። በገጠር የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች ላይ ለሚሠሩ ኦፕሬተሮች የአጠቃቀም ማኑዋል አዘጋጃለሁ። ፓምፖቹ ሦስት ዓይነት ስለሆኑ ማኑዋሉም ሦስት ነው፤ ሁሉም በማይክሮሶፍት ወርድ ተጽፏል። የጄኔሬተሩ አነሳስ፣ ማሳሰቢያውና የጽዳቱ ክፍል ግን ለሁሉም አንድ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ኮፒ እየተደረገ ስለመጣ እዚህ የታረመው እዚያ ሳይታረም ቀርቷል። ፎልደሩን ስትከፍቱት «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የታረመ»፣ «የመጨረሻ 2017» ይላል። ኦፕሬተሩ እጅ የሚገባው የትኛው ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ሶፍትዌር መግዣ በጀት የለንም። ከየት ልጀምር?

መልስ፣ ከባሕር ዳር
እህቴ፣ ወርዱ ራሱ ይበቃሻል። የጋራውን ክፍል ከሦስቱም አውጥተሽ ለብቻው ፋይል አድርጊው። ከዚያ በየማኑዋሉ «ኢንሰርት» ውስጥ ገብተሽ «ኦብጀክት»፣ ቀጥሎ «ቴክስት ፍሮም ፋይል» በይ። ፋይሉን ምረጪና «ኢንሰርት» አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ነክተሽ «ኢንሰርት አዝ ሊንክ» የሚለውን ምረጪ። ከዚህ በኋላ የምታርሚው አንዱን ፋይል ብቻ ነው። ማኑዋሉን ከፍተሽ ኮንትሮል ኤ፣ ከዚያ ኤፍ9 ስትጫኚ እርማቱ ይገባል። ፎልደሩን ካዛወርሽው ግን ሊንኩ ይበጠሳል፤ ቦታውን ከወዲሁ ወስኚ። ለኅትመት የሚሄደው ፒዲኤፍ ይሁን።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም
«2017» በኛ ነው በፈረንጅ? ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው። ከውጭ የሚመጣው የፓምፑ ማኑዋል ደግሞ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብለሽ ለዪው። «የመጨረሻ» የሚለውን ቃል ከፋይል ስም አውጪና እትም 3፣ እትም 4 እያልሽ ቀጥዪ።

ፊደሉንም እዪው። «ኃይል» እና «ሀይል» ለኛ አንድ ናቸው፤ ለወርድ ፍለጋ ግን ሁለት ቃል ናቸው። አንዱን ስትፈልጊ ሌላው አይገኝም፣ ሳይታረም ያልፋል። አንድ አጻጻፍ ምረጡና ሁላችሁም በእሱ ጻፉ። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚያውቁበት የጋራ ኮድ) ባልሆነ በድሮ ፎንት የተጻፈ ካለ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር።

መልስ፣ ከሞጣ
እኔ የፓምፕ ቴክኒሻን ነኝ። ስለ ፋይሉ ወንድሞቼ ብለዋል፣ እኔ ስለ አጻጻፉ ልበል። ጉድጓድ ላይ ያለ ሰው የሚያነበው እየሠራ ነው። አንዱን መስመር አንብቦ ይሠራል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። «ፓምፑን አስነሳ» ይልና ከሥሩ «ከማስነሳትህ በፊት በጉድጓዱ ውስጥ በቂ ውሃ መኖሩን አረጋግጥ» የሚል ማኑዋል አይቻለሁ። ያን ጊዜ ፓምፑ ተነስቷል! ሰብመርሲብል ፓምፕን (ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራውን) የሚያቀዘቅዘው ራሱ ውሃው ነው፤ በደረቁ ከዞረ ይበላሻል። እባክሽ ማሳሰቢያው ከሥራው በፊት ይምጣ።

ሲነሳ ጄኔሬተሩ ይቀድማል፣ ሲጠፋ ፓምፑ ይቀድማል። ይቺን መስመር በሦስቱም ማኑዋል ቃል በቃል አንድ አድርጊያት። ኦፕሬተር ከጉድጓድ ጉድጓድ ይዛወራል፤ እዚያ የለመደውን እዚህ በሌላ ቃል ሲያገኘው ይደናገራል።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ከማሳሰቢያዎቹ እጀምራለሁ። ታትሞ የታደለውንስ ምን ላድርገው?

መልስ፣ ከሞጣ
አዲሱን ስትሰጪ አሮጌውን ተቀበዪ። እትሙ በየገጹ ግርጌ ይጻፍ፤ ሽፋን ቶሎ ይገነጠላል። ኦፕሬተሩ ሲደውልልሽ መጀመሪያ «ግርጌው ላይ እትም ስንት ይላል?» ብለሽ ጠይቂው።