ዶክቡክ ለመጀመር የትኞቹን ፓኬጆች ልጫን?

ማሂ_ዶክስ፦
ሰላም ወገኖች። የአንድ ሶፍትዌር ማኑዋል በዶክቡክ (ቴክኒካል ጽሑፍ በኤክስኤምኤል ታጎች የሚጻፍበት ፎርማት) ልጀምር ነው፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ በየራሱ ፋይል ይሆናል፣ ከአንድ ምንጭ ኤችቲኤምኤልም ፒዲኤፍም መውጣት አለበት፣ ጽሑፉ ደሞ አማርኛና እንግሊዝኛ ድብልቅ ነው። ደቢያን ሊኑክስ ላይ ነኝ። ዶክቡክ ብዬ ስፈልግ የሚመጣው የፓኬጅ መዓት ግን አስፈራኝ፣ ዶክቡክ፣ ዶክቡክ-ኤክስኤምኤል፣ ዶክቡክ5-ኤክስኤምኤል፣ ዶክቡክ-ኤክስኤስኤል፣ ደሞ እሱው ራሱ መጨረሻው ላይ ኤንኤስ ያለበት፣ ዲኤስኤስኤስኤል፣ ኦፕንጄድ፣ ኤክስኤምኤልቶ፣ ዲቢላቴክ፣ ፎፕ ምናምን። ሁሉንም ነው የምጭነው ወይስ የሚቀር አለ?

ቀስት_ቁልፍ፦
ኧረ ማሂ ሁሉንም እንዳትጭኚ። ዲኤስኤስኤስኤል፣ ኦፕንጄድ፣ ዶክቡክ-ዩቲልስ፣ ከኋላው ምንም ያልተቀጠለበት "ዶክቡክ" ራሱ የኤስጂኤምኤል (ከኤክስኤምኤል በፊት የነበረው የታግ ቋንቋ) ዘመን ዕቃዎች ናቸው፣ የድሮ ዶክመንት ካልወረስሽ በቀር ተያቸው።

ከዛ ቨርዥን ወስኚ። የ4.5 ሕግ፣ ማለትም የቱ ታግ የት እንደሚፈቀድ፣ በዲቲዲ ነው የተጻፈው፣ 5 ግን ሬላክስ ኤንጂ በሚባል ሌላ የሕግ ቋንቋ ነው፣ ኔምስፔስም (ታጎቹ የዶክቡክ መሆናቸውን የሚለይ መጠሪያ) አለው። 5.0 የኦኤሲስ (ስታንዳርድ አውጪ ድርጅት) ስታንዳርድ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፣ ስለዚ ዛሬ አዲስ ነገር በ4.5 የሚጀመርበት ምክንያት አይታየኝም። ዶክቡክ5-ኤክስኤምኤል፣ ኤንኤስ ያለበት ስታይልሺት (ዶክቡኩ ወደ ኤችቲኤምኤል ወይም ፒዲኤፍ እንዴት እንደሚቀየር የሚናገረው)፣ ስታይልሺቱን የሚያስኬደው ኤክስኤስኤልቲፕሮክ፣ ስህተት የሚፈትሸው ኤክስኤምኤልሊንት የሚገኝበት ሊብኤክስኤምኤል2-ዩቲልስ፣ ለኤችቲኤምኤል በቃ ይሄው ነው። ኤንኤስ የሌለው ስታይልሺትም ይሠራልሻል፣ ግን ኔምስፔሱን ገፎ ጥሎ ነው የሚሠራው፣ እዛ ላይ አንዳንዴ የምስሎች አድራሻ ይዛባል፣ ምን አስጨነቀሽ።

ምዕራፎችሽ የተለያየ ፋይል ከሆኑ በኤክስኢንክሉድ (አንድ ፋይል ሌላውን የሚያስገባበት ታግ) ነው የምታገናኚያቸው፣ ኤክስኤስኤልቲፕሮክን ስታዢው ኤክስኢንክሉድ የሚለውን ኦፕሽን ካልሰጠሽው አያስገባቸውም። ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው የሚቆመው።

ባዶ_መስመር፦
ቀስት ያለው ልክ ነው ግን ኤክስኤምኤልሊንትን ለሬላክስ ኤንጂ አልመክርም። ስህተት እንዳለ ይነግርሻል፣ መልእክቱ ግን ግራ ያጋባል፣ አንዲት ታግ ቦታዋን ስትስት ከላይ ያለው ክፍል በሙሉ ልክ አይደለም ብሎ ይጮሃል። ጂንግ የሚባለውን ፈታሽ ጫኚ፣ ጃቫ ይፈልጋል እንጂ የቱ መስመር ላይ የቱ ኤለመንት እንዳልተፈቀደ ቁርጥ አድርጎ ነው የሚናገረው።

ፒዲኤፍ ላይ ነው ጉዱ። ፒዲኤፍ የሚያወጡልሽ ፎፕ አለ፣ ዲቢላቴክ አለ። በፎፕ ከሄድሽ መጀመሪያ በኤክስኤስኤልቲፕሮክ ወደ ኤፍኦ (የገጽ አቀማመጥ የሚገልጽ ኤክስኤምኤል) ትቀይሪና ፎፕ ፒዲኤፍ ያደርገዋል፣ እሱም ጃቫ ነው። ፎንቱን ካልነገርሽው አማርኛው በሙሉ # # # # ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ፊደሉ ፎንቱ ውስጥ ሲያጣው የሚያደርገው እንደዛ ነው። መፍትሔው ሁለት ቦታ ነው፣ የፎፕ ኮንፊግ ፋይል ላይ ሲስተሙ ውስጥ ያሉትን ፎንቶች ራሱ እንዲፈልግ ታዢዋለሽ፣ ስታይልሺቱ ላይ ደሞ የጽሑፉንና የርዕሱን ፎንት ስም ትሰጫለሽ፣ አንዱን ብቻ አድርገሽ ሌላውን ከተውሽ ያው # ነው። የኮድ ምሳሌዎችሽ ውስጥ አማርኛ ካለ የሞኖስፔሱንም ጨምሪ። በዛው ፎፕ1 ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ፓራሜትር 1 አድርጊው፣ የፒዲኤፉ ቡክማርክ የሚመጣው በሱ ነው።

ዲቢላቴክ ላቴክን (የጽሑፍ ማቀናበሪያ ሲስተም) ይዞ ስለሚመጣ ዳውንሎዱ ከባድ ነው፣ ግን ባክኤንዱን (ከኋላ ፒዲኤፉን የሚያወጣውን ሞተር) ዚቴክ ካደረግሽው ዩኒኮድ አያስቸግረውም፣ የአንቀጽ አሰባበሩም ከፎፕ ያምራል። ሒሳብ የበዛበት ዶክመንት ቢሆን ያለጥርጥር እሱን እል ነበር። መልኩን መቀየር ስትፈልጊ ግን ላቴክ ማወቅ አለብሽ፣ ላንቺ ፎፕ ይሻላል ባይ ነኝ። ኤክስኤምኤልቶ እነዚሁኑ ከኋላ ሆኖ የሚጠራ ስክሪፕት ነው፣ ለማንፔጅ (የሊኑክስ ኮማንዶች መመሪያ ገጽ) አሪፍ ነው፣ ለመጽሐፍ ግን ትዕዛዙን ራስሽ ሜክፋይል (ትዕዛዞች ተጽፈው የሚቀመጡበት ፋይል) ውስጥ ብትጽፊው ይሻልሻል።

ማሂ_ዶክስ፦
ተባረኩ። ኤችቲኤምኤሉ ወጣልኝ፣ ግን በጣም ይቆያል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ደሞ ስታይልሺቱን ማግኘት አልቻልኩም ይላል። ጭኜዋለሁ እኮ?

ቀስት_ቁልፍ፦
ካታሎጉ ነው። ፋይልሽ ላይ የተጻፈው የስታይልሺት አድራሻ የድረ ገጽ አድራሻ ነው፣ ካታሎጉ ያንን ዲስክሽ ላይ ወዳለው ፋይል ማዞር አለበት፣ ካላዞረው በያንዳንዱ ሙከራ ከኢንተርኔት ሊያመጣ ይሄዳል። ኢቲሲ ስር ኤክስኤምኤል የሚል ፎልደር ውስጥ ነው ያለው፣ አንቺ የጻፍሽው አድራሻ እዛ ከተመዘገበው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ኖኔት የሚለውን ኦፕሽን ሁሌ ጨምሪ፣ ያኔ ካታሎጉ ካልገጠመ ዝም ብሎ ከመንቀርፈፍ ወዲያው ይወድቅና ታውቂዋለሽ።

ሩት_ነኝ፦
ይቅርታ ግን በዚህ ዘመን ኤክስኤምኤል በእጅ መጻፍ ምን ይሉታል 😅 አስኪዶክተር ጫኚ፣ ተራ ጽሑፍ ጻፊ፣ ከፈለግሽ እሱ ራሱ ዶክቡክ 5 ያወጣልሻል።

ባዶ_መስመር፦
@ሩት_ነኝ ለብዙ ሰው እውነትህን ነው፣ የሚወጣውም ዶክቡክ እላይ ባልነው ሰንሰለት ያልፋል። ግን አስኪዶክተር ላይ ባክቲክ (`) ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ሊተራል በሚባል አንድ ታግ ነው የሚወጣው፣ ኮማንዱ፣ የፋይል ስሙ፣ ኦፕሽኑ አይለይም። ማሂ ማኑዋሉ ውስጥ ያሉትን ኮማንዶች በሙሉ ለይታ ዝርዝር ማውጣት ከፈለገች ታጎቹ ያስፈልጓታል፣ ካልፈለገች ያንተው ይቀላታል።

ማሂ_ዶክስ፦
የኮማንድ ዝርዝሩ ግዴታ ነው፣ ስለዚ በዶክቡኩ ልቀጥል፣ ፎፕን ነገ እሞክረዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ "ቻፕተር" እያለ በእንግሊዝኛ የሚጽፈውን እንዴት ነው የማስቀይረው?

ቀስት_ቁልፍ፦
የመጀመሪያው ኤለመንት ላይ የቋንቋውን አትሪቢዩት አማርኛ አድርጊው፣ ስታይልሺቱ የአማርኛ ፋይል አብሮት አለ። ቃሉ ካልጣመሽ በራስሽ ከስተማይዜሽን ፋይል ትቀይሪዋለሽ፣ የተጫነውን ኦሪጅናል ግን እንዳትነኪው፣ ፓኬጁ አፕዴት ሲሆን ይጠፋብሻል።