ጥቆማ ፈለግኩ፦ ወፍ ለማየት ጉለሌ ወይስ እንጦጦ?

የሳሪስ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው መስኮት ላይ ቆሞ ወፍ ማየት ሆኗል። ለገና በአስጎብኚ የሚደረግ የወፍ ጉዞ ልወስደው አስቤያለሁ። ግማሽ ቀን፣ አዲስ አበባ ውስጥ። ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ይሻላል እንጦጦ ፓርክ? ጉልበቱን ስለሚያመው ዳገት አይችልም። አስጎብኚው በአማርኛ የሚያስረዳ ይሁን።

ቡና አፍቃሪ፦ እንጦጦ! ምን ያጠያይቃል። ንጹሕ አየር፣ ፈረስ፣ ካፌ። ልጆቼ ዚፕላይኑን ከቀመሱ ወዲህ ሌላ ቦታ እንሂድ ብላቸው አይሰሙኝም።

የሳሪስ ልጅ፦ እሺ፣ ወፉስ?

ቡና አፍቃሪ፦ ወፍማ የትም አለ።

ጽድ፦ የትም የለም። እንጦጦ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ቁጥቋጦው ይሳሳል፣ ትላትሉም ያንሳል። ወፉ ምን ሊበላ ይመጣል? ጉለሌ ግን ጽድ፣ ወይራና ኮሶ አለ። ጽድ ውስጥ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኝ ግራጫ ወፍ አለ፤ ጭራው ሥር ቀላ ያለ ነው። ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ ሲዘምሩ ስትሰሚ እዚያው ትቀሪያለሽ። ግንባሩ ቀይ የሆነ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀንም አይጠፋም።

ተቃጠልኩ፦ ቦታው ምንም ይሁን፣ አስጎብኚውን ተጠንቀቂ። እኔ አምና አንዱ ጋ ከፍዬ ሄድኩ። «ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እንነሳለን» ብለው 3 ሰዓት መጡ። ሠላሳ ሰው አንድ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ሙዚቃ እስከ ጥግ። አስጎብኚ የተባለው ልጅ ያየውን ሁሉ «ጭልፊት» ይላል። ርግብ ሳይቀር! ደግሞ 5 ሰዓት ሳይሆን ክትፎ ቤት አስገቡን። ብሬን መልሱ ብል «ወፍ አይታዘዝም» አሉኝ።

ምን ጉድ ነው፦ ሃሃ «ወፍ አይታዘዝም»! ማናቸው? ስም ጥሪ።

ተቃጠልኩ፦ አልጠራም፣ ጣጣ አልፈልግም።

ምን ጉድ ነው፦ ታዲያ እንዴት እንጠንቀቅ? ክትፎው ግን እንዴት ነበር?

ተቃጠልኩ፦ ክትፎው ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም።

የቄራ ጎረቤት፦ እናንተ ሰዎች ገንዘብ ተርፏችኋል። ቄራ ኑ። ጥንብ አንሳ በነጻ፣ ያውም በመንጋ። ክፍያ የለ፣ ሙዚቃ የለ፣ በሰዓቱ ይገኛሉ። ሽታውን ከቻላችሁ ማለቴ ነው።

ቢሾፍቱ ለዘላለም፦ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ታለፊዋለሽ? ቢሾፍቱ ጨለለቃ ሐይቅ ውሰጂው። የአውሮፓ ብርድ ሲጠና ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፎች ወደ እኛ ይመጣሉ። ቀን ማሳ ውስጥ ቃርሚያ ሲለቅሙ ይውላሉ፤ ማታ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ሜዳው ልጥ ያለ ነው፣ ዳገት የሚባል ነገር የለም።

ጽድ፦ ጠያቂዋ አዲስ አበባ ውስጥ አለች እኮ። ጨለለቃ ደግሞ በጋው ሲገፋ ውሃው ይሸሻል።

ቢሾፍቱ ለዘላለም፦ ቢሾፍቱ ደርቆም ከጉለሌ ይሻላል። አለቀ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኛ ጋ አሜሪካ በየዓመቱ በገና ሰሞን የወፍ ቆጠራ አለ። ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ ነው። ጀማሪን ከሚያውቅ ሰው ጋር ያጣምሩታል። ባለፈው በረዶ ላይ ቆሜ ዳክዬ ቆጠርኩ፣ ጣቴ ሊቆረጥ ነበር። አባትሽ እዚህ ከመጡ ንገሪኝ።

የሳሪስ ልጅ፦ አመሰግናለሁ፣ ግን ሳሪስ ነን 😅

አዲስ ገቢ፦ ጥያቄ ላስገባ፣ ባይኖኩላር የት ይገዛል? መርካቶ አንዱ ሳጥን ላይ «100 እጥፍ» ይላል።

ባለ መነጽር፦ እንዳትገዛው። 8 በ 42 የሚለውን ፈልግ። 8 ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፤ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ሰፊው ማለዳ ብርሃን ሲያንስ ይጠቅማል። ከ10 እጥፍ ካለፈ እጅህ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወፉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ስትገዛ ሱቁ ውስጥ አትሞክረው፤ ደጅ ውጣና የሩቅ ታፔላ አንብብበት።

ለሳሪሷ ልጅ ደግሞ፦ ለአስጎብኚው ደውለሽ ሦስት ነገር ጠይቂ። ስንት ሰው ይዞ ይወጣል? ከስምንት ካለፈ ተዪው። ስንት ሰዓት ይነሳል? ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ነው ወፉ የሚንቀሳቀሰው። ባለፈው ሳምንት እዚያ ምን አየ? የሚያውቅ ሰው ሳያስብ ይዘረዝርልሻል። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም አለ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፣ ሰው ይጠቁሙሻል። የታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ስለሆነ ጋቢ አልብሺው፣ ግን ነጭ ከርቀት ይታያልና ከላይ ጠቆር ያለ ኮት ይደርብበት። መርሊን የሚባለውን ወፍ የሚለይ አፕም ስልኩ ላይ ጫኚለት፣ በነጻ ነው። ለጅማሬ አንገቷ ላይ ነጭ ማተብ ያሰረች የምትመስለውን ርግብ ያሳዩት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ የለችም፣ እኛ ግን ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ስለምናያት እንንቃታለን።

የሳሪስ ልጅ፦ ተባረክ! ጉለሌ ግን ዳገቱ እንዴት ነው? መኪና እስከ የት ይገባል?

ቡና አፍቃሪ፦ እንጦጦ መኪና ማቆሚያው ሰፊ ነው።

ቢሾፍቱ ለዘላለም፦ ጨለለቃ 👆

ተቃጠልኩ፦ እኔ አሁንም ብሬን አልመለሱልኝም።

ባለ መነጽር፦ አዲስ ገቢ፣ ትርፍ 8 በ 42 አለኝ፣ ያገለገለ ግን ንጹሕ። በውስጥ አውራኝ።

የቄራ ጎረቤት፦ በሱ ጥንብ አንሳ ይታያል?

አዲስ ገቢ፦ ባለ መነጽር፣ ስንት ትለዋለህ? ሜክሲኮ ድረስ ብታመጣው ዛሬውኑ እወስደዋለሁ።