ባሕር ዳር ውስጥ መጠጥ ለመተው የሚሞክሩ ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ አለ?

የጣና ዳሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቀጥታ ልጠይቅ። መጠጥ ለመተው የሚታገሉ ሰዎች ተሰብስበው የሚያወሩበት ቦታ እዚህ ባሕር ዳር የምታውቁ አላችሁ? ስብከት አልፈልግም። ምክርም ጠግቤያለሁ። እንደኔ ሲጠጣ የኖረ ሰው እንዴት አድርጎ እንደተወው ከራሱ አፍ መስማት ነው የምፈልገው።

ሴት ነኝ። በሒሳብ ሥራ ነው የምተዳደረው። ቡና ቤት ተቀምጬ አልጠጣም፤ የምጠጣው ማታ ቤቴ፣ በሬን ቆልፌ ነው። አሁን አሁን ግን ጠዋትም እጄ ካልተረጋጋ ትንሽ እቀምሳለሁ። የምገዛው ከሰፈሬ አይደለም፤ ድልድዩን ተሻግሬ አባይ ማዶ ነው። እዚያ ያለው ባለሱቅ ገና በር ላይ ሲያየኝ፣ ሳልናገር፣ ጂኑን በጥቁር ፌስታል መጠቅለል ሲጀምር ሱቅ ቀየርኩ።

ወንድ ቢሆን «ይጠጣል እንጂ ጥሩ ሰው ነው» ይባልለታል። ለሴት ማን እንዲህ ይላል? ከተማችን ደግሞ ትልቅ ትመስላለች እንጂ ጊዮርጊስ ጋ ያስነጠሰ ሰው ሽምብጥ ላይ «ይማርህ» ይባላል። እንዳልታይ እፈራለሁ።

ሌላው ጭንቀቴ የእናቴ ቤት ነው። የሚካኤል ማኅበር ተራ ሊደርሳት ነው። ጠላው እየተቀዳ «ቅመሺ እንጂ!» ሲሉኝ ምን ልበል?

ቀዛፊው፦
እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። እኔ አረቄ ነበር የምጠጣው፣ ከተውኩ ቆየሁ። ታፔላ የሰቀለ ስብሰባ እዚህ ፈልጌ አላገኘሁም። እኔን የያዘኝ በኢንተርኔት የምገባበት የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ስብሰባ ነው፤ መጠጥ ለመተው የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1935 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ አክረን በምትባል ከተማ ነው። ቢል የሚባል የአክሲዮን ሰው ሥራው ከሽፎበት ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቆሟል። በአንድ በኩል ቡና ቤቱ፣ በሌላ በኩል ስልኩ። ሰውዬው ስልኩን መረጠ። የደወለው የሚያናግረው ሌላ ጠጪ ፍለጋ ነው! ያገናኙት ሰው ቦብ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር፤ ሐኪም ይሁን እንጂ እሱም እንደ ቢል መጠጥ ያሸነፈው ሰው ነው። ሁለቱ ሲያወሩ አመሹ። ማኅበሩ ከዚያ ተነሣ።

ዛሬም አሠራሩ ያው ነው። መመዝገቢያ የለም፣ ክፍያ የለም፣ የአባት ስም የሚጠይቅሽ የለም። መግቢያው መጠጥ የመተው ፍላጎት ብቻ ነው። በዙም ስትገቢ ካሜራሽን ዘግተሽ ዝም ብለሽ ማዳመጥ ትችያለሽ። የሴቶች ብቻ የሆኑም አሉ፣ ላንቺ እሱ ይሻልሻል። ቋንቋው በብዛት እንግሊዝኛ ነው። ኒውዮርክ እኩለ ቀን ሲሆን እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። እንዳልሽው ማታ ከሆነ የሚያስቸግርሽ፣ ሰዓቱ ልክ ይመጣልሻል።

ደግሞ በእነሱ ደንብ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ለመተው ብሎ ከተገናኘ ስብሰባ ነው። እኔና አንድ ወዳጄ ጠዋት በጣና ዳር በእግራችን እየሄድን እናወራለን። ለሚያየን ስፖርት የምንሠራ ነው የምንመስለው። አንዲት ሴት ካገኘሽ ይበቃሻል።

ነርሷ፦
የኔ እህት፣ «ጠዋት እጄ ካልተረጋጋ» ያልሽው አስደንግጦኛል። እባክሽ ዛሬውኑ ልተው ብለሽ ብቻሽን ድንገት እንዳታቆሚ። ሰውነትሽ ለምዶታል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ባሉት ሰዓታት መንቀጥቀጡና ላቡ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊመጣ ይችላል። ከዚያ አልፎ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ካለ ሕይወት ያሰጋል። ይህን የሚያረጋጋ መድኃኒት አለ፤ ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጣል። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄደሽ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቂ። ስብሰባው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ወለተ ኪዳን፦
እኔ ታላቅ ወንድሜ የዳነው በጠበል ነው። ሆስፒታል ምን ያደርግላታል? ሱባኤ ትግባ።

ነርሷ፦
ወለተ ኪዳን፣ እኔም ጠበል እጠመቃለሁ። ግን ጠበል ቦታ በሁለተኛው ቀን የሚንዘፈዘፈው ሰው ሁሉ ጋኔን ይዞት አይደለም፤ መጠጡ ድንገት ተቋርጦበትም ነው። መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ፣ ማን ይከለክላታል?

ወለተ ኪዳን፦
እሱስ ልክ ነሽ። ብቻዋን ግን አትሂድ፣ ሰው ይያዝላት።

ሻይ በቅርንፉድ፦
ስለ እናቷ የሚካኤል ማኅበር ማንም አልመለሰላትም። እኔ «መድኃኒት ላይ ነኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» ነው የምለው። የምን መድኃኒት ካሉ «የጨጓራ»። ጨጓራ የሌለበት ሰው ስለሌለ ወሬው ወደየራሳቸው ጨጓራ ይዞራል፣ አንቺን ይረሱሻል። ባዶ ብርጭቆ ግን እንዳትይዢ፣ ይሞሉታል። ብርዝ ለራስሽ በጥብጠሽ ያዢ፤ የዕለቱን ነው ታዲያ፣ ካደረ ይብላላል። ከቻልሽ ደግሞ ጓዳ ገብተሽ ወጥ አውጪ። ጠላ ቀጂ ካሉሽ ለሌላ አስተላልፊው።

የጣና ዳሯ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጨጓራዋ አሳቀችኝ። ቀዛፊው፣ የሴቶቹን ስብሰባ ዛሬ ማታ እፈልጋለሁ። ነርስዬ፣ አንድ ነገር፦ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል የማውቀው ልጅ ይሠራል። ምን ብዬ ልመዝገብ?

ነርሷ፦
«እንቅልፍ እምቢ አለኝ» በይ፣ ውሸት አይደለም መቼም። ሐኪሙ ጋ ስትገቢ ግን የምትጠጪውን መጠን ቀንሰሽ እንዳትነግሪው። ግማሽ ጠርሙስ ከሆነ ግማሽ ጠርሙስ በይ፣ ጠዋት የምትቀምሻትንም ጨምረሽ። መድኃኒቱን የሚለኩልሽ እሱን ሰምተው ነው።