የመጀመሪያ ሾትጋኔን ከማን ልግዛ? ምከሩኝ

ወገኖቼ፣ ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። ቀወት ወረዳ ውስጥ፣ ከሸዋ ሮቢት ብዙም ሳይርቅ፣ ማሽላ አለን። ቀን ዝንጀሮ፣ ማታ ከርከሮና ጃርት አላስቀምጥ ብለውናል። ከርከሮ ደግሞ ከሚበላው ሰብሮ የሚጥለው ይበልጣል። አባቴ በዚህ ዕድሜው ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ያድራል። ብርዱን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አጎቴ «አንድ ሾትጋን ግዛና ተገላገል» አለኝ። እኔ መሣሪያ ገዝቼ አላውቅም። እንደ ልብስ ሱቅ ገብቼ የማማርጥበት ቤትም አላየሁም። ባለፈው ገበያ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «ባለ ሁለት አፈሙዝ አለኝ፣ ወረቀት ምን ያደርግልሃል» አለኝ። ደነገጥኩ፤ ጥዬው ሄድኩ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ይከለክላል። እኔ ብታሰር አባቴን ማን ያግዘዋል?

ለሰብል ጥበቃ ብሎ ፈቃድ ያወጣ አለ? መጀመሪያ የሚኬደው ቀበሌ ነው ወይስ ወረዳ ፖሊስ? ሕጋዊ ሻጭ ቢገኝስ ምን ምን ላጣራ? መሣሪያው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን እንደማይ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነኝ። የዱር እንስሳ መግደል የራሱ ፈቃድ ስላለው፣ ድምፁ ቢያባርርልኝ ይበቃኛል።

ያለ ጠመንጃ ከርከሮን ያስቆመ ካለ ደግሞ እሱን ብሰማ እመርጣለሁ። ማሽላው እያሸተ ነው፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።